ዕቃ የማይራገፍበት ወደብ፤ የአንቲጓ ደሴት የያት ክበብና ማሪና

ከባሕር ርቀን የምንኖር ነጋዴዎች ወደብ የሚለውን ቃል በሰማን ጊዜ አስቀድሞ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ክሬኑ፣ የኮንቴይነሩ ክምር፣ የትራንዚቱ ወረቀትና የመጋዘኑ ኪራይ ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ አንድ ኩንታል የንግድ ዕቃ ሳይራገፍባቸው ብዙ ገንዘብ የሚያስገኙ ወደቦች አሉ። እነዚህም «ያት» እየተባሉ የሚጠሩት የመዝናኛ መርከቦች የሚያርፉባቸው ናቸው። መርከቦቹ የሚታሰሩበት፣ ውሃና ኤሌክትሪክ የሚያገኙበት ስፍራ «ማሪና» ይባላል፤ የመርከቦቹ ባለቤቶችና በሸራ መጓዝን የሚወዱ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ማኅበር ደግሞ የያት ክበብ ይባላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚገኙ ብዙ ሰው እንደ አንድ ይቈጥራቸዋል፤ ይሁን እንጂ ማሪናው ንግድ ቤት ሲሆን ክበቡ ማኅበር ነው። ማኅበሩም ከንግዱ የቀደመ ነው። ከሁሉ ይቀድማል የሚባለው የአየርላንዱ የኮርክ ክበብ የተመሠረተበትን ዘመን ወደ 1720 ያደርሳል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

ይህ ንግድ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ለሚሻ ሰው በካሪቢያን ባሕር ያለችው የአንቲጓ ደሴት መልካም ምሳሌ ናት። ስፋቷ 281 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከታናሽ እኅቷ ከባርቡዳ ጋር አንድ መንግሥት ሆና በኖቬምበር 1 ቀን 1981 ነጻነቷን ከእንግሊዝ ተቀበለች። ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የምትተዳደረው በስኳር ነበር፤ አገዳውን ይተክሉና ይቈርጡ የነበሩትም ከአፍሪካ በግድ ተወስደው በባርነት የተያዙ ሰዎችና ከባርነት በኋላም ልጆቻቸው ነበሩ። የስኳሩ ንግድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አከተመ። ዛሬ ደሴቲቱ የምትኖረው በእንግዳ ነው፤ ከእንግዶችም መካከል በባሕር የሚመጣው፣ ቤቱን ይዞ የሚመጣውና ከሁሉ ይልቅ ወጪ የሚበዛበት የያት እንግዳ ነው።

በደሴቲቱ ደቡብ እንግሊሽ ሐርበርና ፋልማውዝ የሚባሉ ሁለት ወደቦች በቀጭን ምድር ተለያይተው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር በጥቂት ደቂቃ በሚያደርስ ርቀት ይገኛሉ። እንግሊሽ ሐርበር አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ጥልቅ፣ ዙሪያውን በኮረብታ የተከበበ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ18ኛው መቶ ዓመት ይህን ስፍራ የመርከብ ማደሻ ለማድረግ የመረጠው ዐውሎ ነፋስ ስለማያገኘውና ከጠላት ዓይን ስለሚሰወር ነው። በዚያን ዘመን መርከብ ሁሉ ከእንጨት የተሠራ ስለ ነበረ ሙቅ ባሕር ውስጥ ብዙ በቈየ ጊዜ ሆዱን ትል ይበላው፣ ቅርፊት ያለው የባሕር ነፍሳትም ይጣበቅበትና ፍጥነቱን ይቀንሰው ነበር። ስለዚህ መርከቡን ወደ ጥልቁ ዳርቻ አስጠግቶ፣ በምሰሶው ላይ ገመድ አስሮ፣ ብዙ ሰው በሚያዞረው መጠቅለያ እየሳቡ በጎኑ ማስተኛትና ሆዱን መፋቅ ያስፈልግ ነበር። እነዚያ መጠቅለያዎች ዛሬም በዳርቻው ላይ ቆመው ይታያሉ። ግንቡን የሠሩትና ከባዱን ሥራ የተሸከሙት በባርነት የተያዙት አፍሪካውያን ነበሩ፤ ዩኔስኮ በ2016 ስፍራውን በዓለም ቅርስ መዝገብ ባስገባ ጊዜ ይህንኑ ሳይሸሽግ ገልጾታል።

ነጋዴ የሆነ ጎብኚ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ሕንፃ አለ። በ1788 የተሠራ፣ በፊት የሬንጅና የቅጥራን መጋዘን የነበረ፣ ዛሬ ግን «አድሚራልስ ኢን» የሚባል ሆቴል ነው። ጡቡ በመርከብ የመጣ ነው፤ የመጣውም ለንግድ ታስቦ አይደለም። ሸክሙ የቀለለ መርከብ በማዕበል እንዳይገለበጥ ከሆዱ የሚጫን ማመዛዘኛ ክብደት ነበረና፤ ከአውሮፓ በጡብ ተመዛዝኖ የመጣው መርከብ ሲመለስ ስኳር ይጭናል፣ ጡቡም በደሴቲቱ ይቀራል። የመልስ ጭነት ማጣት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ የጭነት መኪና ባለቤት ይህን ነገር ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ወደቡ ዛሬ የሚጠራው በኔልሰን ስም ነው። ኔልሰን ገና ወጣት የመርከብ አዛዥ ሳለ ከ1784 እስከ 1787 «ቦሪያስ» በምትባለው የጦር መርከብ ላይ ሆኖ በዚህ ባሕር አገልግሏል። በዚያ ዘመን ከደሴቶቹ ነጋዴዎች ጋር የነበረው ጠብ ለንግድ ምክር ቤት አንባቢ ከጦርነት ታሪኩ ይልቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። አሜሪካውያን ነጻ በወጡ ጊዜ መርከቦቻቸው በእንግሊዝ የባሕር ንግድ ሕግ መሠረት የውጭ አገር መርከቦች ሆኑ፤ ከእንግሊዝ ደሴቶች ጋር መነገድም ተከለከሉ። ደሴቶቹ ግን ሳንቃውን፣ ዱቄቱንና የሚበላውን ሁሉ ከአሜሪካ ነበር የሚያገኙት። ስለዚህ ነጋዴው ይገዛል፣ የጉምሩኩ ሹም እንዳላየ ያልፋል፣ አገረ ገዢውም ዝም ይላል። ኔልሰን ሕጉን እንደ ተጻፈ እፈጽማለሁ ብሎ በ1785 በኔቪስ ደሴት አራት የአሜሪካ መርከቦችን ያዘ። ነጋዴዎቹም ከሰው በከባድ ካሳ ጠየቁት፤ ወደ ምድር ቢወርድ እንዳይታሰር በመፍራት ከመርከቡ ሳይወርድ ብዙ ጊዜ ቈየ። በመጨረሻ ፍርዱ ወደ እርሱ አዘነበለ። ሕጉ ከእርሱ ጋር ነበረ ማለት ይቻላል፤ ገበያው ግን አልነበረም። በዘመኑ የጠሉት ነጋዴዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ስሙን በየሸሚዙና በየሥዕል ካርዱ ላይ አትመው ይሸጣሉ።

የእንፋሎት መርከብ እየበዛና ከእንጨት ይልቅ ብረት እየተመረጠ በሄደ ጊዜ የማደሻው ጥቅም አነሰ፤ በ1889ም ተዘጋ። ጣራው ወደቀ፣ ሣር በቀለበት። የተነሣው ከስድሳ ዓመታት በኋላ ነው። በ1949 ከባሕር ኃይል በጡረታ የወጡት እንግሊዛዊው ቨርነን ኒኮልሰን ከቤተ ሰባቸው ጋር «ሞሊሆክ» በምትባል የሸራ መርከብ ወደዚህ ወደብ ገቡ። አመጣጣቸው ለመንገድ ዕረፍት ነበር። በደሴቲቱ የነበሩ ባለጸጎች እንግዶች በመርከቧ ተሳፍረው ሌሎቹን ደሴቶች ለማየት ገንዘብ ለመክፈል ፈቃደኞች ሆነው ስለ ተገኙ፣ ቤተ ሰቡ በዚያው ቀርቶ መርከብ ማከራየትን ሥራው አደረገ። «ቻርተር» የሚባለው የዛሬው የአንቲጓ ትልቅ ንግድ ከዚህ በቀለ። የወደቡ ወዳጆች ማኅበርም በ1951 ተቋቁሞ ሕንፃዎቹን ማደስ ጀመረ፤ ስፍራውም በ1961 በይፋ ተከፈተ። ከ1980ዎቹ ወዲህ የሚያስተዳድረው የአገሩ የብሔራዊ ፓርኮች ባለሥልጣን ነው።

እንግዲህ ዛሬ አንድ ያት ወደዚህ ወደብ ሲገባ ምን ይደረጋል? በመጀመሪያ ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል፤ ትርጓሜውም «ከውጭ አገር መጥቻለሁ፤ ፈቃድ እጠይቃለሁ» ማለት ነው። ካፒቴኑ ብቻ የሁሉንም ፓስፖርትና የመርከቡን መዝገብ ይዞ ይወርዳል፤ ሌሎቹ ፈቃዱ እስኪገኝ ከመርከቡ አይነቁም። ጉምሩኩ፣ ኢሚግሬሽኑና የወደብ ባለሥልጣኑ በዚያው በወደቡ ግቢ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው ያስተናግዱታል። የተሳፋሪዎቹን ስምና የመርከቡን ዝርዝር አስቀድሞ በኢንተርኔት መላክ ስለሚቻል፣ ካፒቴኑ ያንኑ ቅጽ ሦስት ጊዜ ከመጻፍ ይድናል። ዕድሜውን በፋይልና በማኅተም መካከል ላሳለፈ ጸሐፊ ከአድሚራሎቹ ቤት ሁሉ ይልቅ የሚያስቀናው ይህ ክፍል ነው። ፈቃዱ እንደ ተሰጠ ቢጫው ባንዲራ ይወርድና በፈንታው የአንቲጓና ባርቡዳ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል።

በአሮጌው ግንብ ዳርቻ መርከቦች የሚታሰሩት በጎናቸው አይደለም። ከፊት መልሕቅ ጥለው ኋላቸውን ወደ ግንቡ ይሰጡና መሸጋገሪያ ሳንቃ ይዘረጋሉ። በዚህ አኳኋን በጥቂት ስፍራ ብዙ መርከብ ይቆማል፤ ባሕሩ በቀን ውስጥ የሚወጣውና የሚወርደው በጣም ጥቂት ስለ ሆነ ገመዱን በየሰዓቱ ማላላትና ማጥበቅ አያስፈልግም። ጎብኚው በዳርቻው ሲያልፍ የመርከቦቹን ስምና የተመዘገቡበትን ወደብ ከኋላቸው እንደ ሱቅ ምልክት ሰሌዳ እያነበበ ይሄዳል። ጆርጅታውን፣ ቫሌታ የሚሉትን ስሞች ደጋግሞ ያገኛል፤ ባለቤቱ የኬይማን ደሴቶች ወይም የማልታ ሰው ነው ማለት ግን አይደለም፤ መዝገቡና ግብሩ ስለ ተመቸው በዚያ አስመዘገበ ማለት ነው።

ክፍያው በመርከቡ ርዝመት በጫማ እየተለካ በቀን ይታሰባል። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪ፣ ውሃው በጋሎን ለብቻው ይከፈላል። ውሃ በዚህች ደሴት ቀላል ነገር አይደለም፤ ቋሚ ወንዝ ስለሌላት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የጣራ ዝናብ በጉድጓድ ያጠራቅማሉ፣ ዛሬ ደግሞ አብዛኛው የሚጠጣው ውሃ ጨዉ ወጥቶለት ከባሕር የሚገኝ ነው። የአገሩ ገንዘብ የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ሲሆን ከ1976 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.70 ሒሳብ ተወስኗል፤ ስለዚህ ባለሱቁ ዛሬ የጻፈውን ዋጋ የምንዛሬ ጋዜጣ ሳያይ ነገም ይጽፈዋል።

ነገር ግን የማሪናው የማቆሚያ ኪራይ የትርፉ ታናሹ ክፍል ነው። ትልቁ በዙሪያው ያለው ነው፦ ሸራ የሚሰፋው፣ ቨርኒሽ የሚቀባው፣ የማይዝግ ብረት የሚበይደው፣ ማቀዝቀዣ የሚጠግነው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ አትክልትና በረዶ የሚያቀርበው፣ ገመድና ቀለም የሚሸጠው። በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች የአንድ ያት የዓመት ወጪ ከግዢ ዋጋው 10 በመቶ ያህል ነው ብለው በግምት ያስባሉ። ልኩ ከመርከብ መርከብ ይለያያል፤ ሆኖም ጨርሶ የማይቋረጥ ወጪ መሆኑ የታወቀ ነው።

ለአስመጪ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው። ወደብ ላይ ላለ የውጭ አገር ያት የሚታዘዝ መለዋወጫ «በትራንዚት ላይ ላለ ያት» ተብሎ ከመርከቡ ስም ጋር ይላካል። ዕቃው ወደ መርከቡ ገብቶ ከአገር የሚወጣ ስለ ሆነ የገቢ ቀረጥ አይከፈልበትም፤ ወረቀቱን ግን ወኪሉ በጉምሩኩ በኩል በሥርዓት ማስጨረስ አለበት። ይህ ባይኖር መርከቡ ዕቃውን ቀረጥ በማይጠይቅ በሌላ ደሴት ይቀበል ነበር፤ ከዕቃውም ጋር ጥገናው፣ ማቆሚያው፣ የመርከበኞቹ እራትም ወደዚያው በሄደ ነበር። መንግሥት ቀረጡን ትቶ ሥራውን አስቀረ። በዚህ ገበያ ከዋጋ ይልቅ ቀን ይበልጣል። ቅዳሜ እንግዶች የሚሳፈሩበት መርከብ ረቡዕ ጄኔሬተሩ ቢቆም፣ ካፒቴኑ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ሳይሆን «መቼ ይደርሳል?» ብሎ ነው። ለአንዲት ኩሽኔታ ሲባል ሙሉ ጭነት ይዞ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል።

የኪራዩ ውል ደግሞ ሊጠና የሚገባው ነው። ተከራዩ የመርከቡንና የመርከበኞቹን ዋጋ ብዙውን ጊዜ ግማሹን ውሉ ሲፈረም፣ ግማሹን ከመሳፈሩ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ተከራዩን ያመጣው ደላላ በአብዛኛው 15 በመቶ ይወስዳል። ነዳጅ፣ ምግብ፣ መጠጥና የወደብ ክፍያ በኪራዩ ውስጥ አይገቡም። ለእነዚህ ከኪራዩ ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ በካፒቴኑ እጅ ይቀመጣል። ኪራዩ 100,000 ዶላር ቢሆን 30,000 ያህሉ በሱቅና በማደያ ሊወጣ የተዘጋጀ ገንዘብ ነው ማለት ነው። ካፒቴኑ የአደራ ገንዘብ ስለ ያዘ እያንዳንዱን ወጪ በደረሰኝ ያስደግፋል፤ በጉዞው ፍጻሜ ሒሳቡን ለተከራዩ ያቀርባል፤ የተረፈው ይመለሳል፣ የጎደለው ይጨመራል። ከዚህ የተነሣ ደረሰኝ የማይሰጥ ባለሱቅ ዓሣው ምንም ትኩስ ቢሆን፣ ዋጋውም ቢረክስ ለዚህ ደንበኛ መሸጥ አይችልም።

ወቅቱ የሚከፈተው በታኅሣሥ መባቻ ገደማ ነው፤ የኪራይ መርከቦች በየዓመቱ በዚያው ሰሞን ለደላሎች ይታያሉ፤ ደላሎቹም ከመርከብ ወደ መርከብ ጫማቸውን እያወለቁ ይወጣሉ፣ የእንጨት ወለል በጫማ አይረገጥምና። በየካቲት ከ2009 ጀምሮ የሚደረገው የ600 የባሕር ማይል ውድድር ከዚሁ ተነሥቶ አሥራ አንድ ደሴቶችን ዞሮ ይመለሳል፤ በሚያዝያም የጥንታውያን የሸራ መርከቦች ውድድር አለ። ከዚያ በኋላ ገበያው ይበተናል። አንዳንዱ መርከብ በራሱ ኃይል ወደ ሜዲትራንያን ይሻገራል፤ አንዳንዱ እንደ ዕቃ በሌላ ትልቅ መርከብ ላይ ተጭኖ ይሄዳል። ምክንያቱም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የዐውሎ ነፋስ ወራት ስለ ሆኑ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በእነዚያ ወራት በዚያ ባሕር ለሚቈይ መርከብ ዋስ ለመሆን ብርቱ ግዴታ ያስገባሉ። በ1995 ሉዊስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአንቲጓ ላይ ከባድ ጉዳት አደረሰ፤ በ2017 ደግሞ ኢርማ ባርቡዳን አጥፍቶ ሕዝቧ በሙሉ ወደ አንቲጓ ተሻገረ። በደሴቲቱ የሚቀረው ያት በጆሊ ሐርበርና በሌሎችም የጥገና ግቢዎች ከውሃ ወጥቶ በጠንካራ ማሰሪያ ከመሬት ጋር ይጠፈራል። ባለሱቁ በስድስት ወር ያገኘውን በዓሥራ ሁለት ወር ማብላት አለበት፤ ለመጪው ወቅት የሚያስፈልገውንም ዕቃ ደንበኛ በሌለበት በመጸው ማዘዝ ይገደዳል።

የያት ክበቡን የሚጎበኝ ሰው የባለጸጎች አዳራሽ አገኛለሁ ብሎ ቢሄድ ይገረማል። የአንቲጓ ያት ክበብ በፋልማውዝ ወደብ ዳርቻ ያለ፣ ለቅንጦት ያልተሠራ ቤት ነው። በአካባቢው ከትልልቆቹ መርከቦች ይልቅ ዓይን የሚስቡት በትንንሽ የሸራ ጀልባዎች የሚለማመዱት ልጆች ናቸው። በዓለም ያሉ የያት ክበቦች እርስ በርሳቸው አባሎቻቸውን እንደ እንግዳ የመቀበል ልማድ አላቸው፤ እንግዳው የራሱን ክበብ ሦስት ማዕዘን ባንዲራ አምጥቶ ይሰጣል፣ የአስተናጋጁን ይቀበላል። ለአንድ ሰው የመግቢያ ደብዳቤ የጻፈ ጸሐፊ ሁሉ ይህች ባንዲራ የጨርቅ ደብዳቤ መሆኗን ያስተውላል።

ይህ ንግድ ግን አደጋ አለበት፤ አደጋውም ከሰማይ ብቻ አይመጣም። «አልፋ ኔሮ» የምትባል 82 ሜትር ርዝመት ያላት ያት በ2022 በፋልማውዝ ወደብ ቆማ ሳለ፣ ከሩስያና ከዩክሬን ጦርነት ጋር በተያያዘ አሜሪካ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ማዕቀብ ጣለችባት። ክፍያው ተቋረጠ፤ የባለቤትነቷም ነገር አከራካሪ ሆነ። እንዲህ ያለ መርከብ ዝም ብሎ አይቆምም። ጄኔሬተሩ ካልሠራ አየር ማቀዝቀዣው ይቆማል፤ አየር ማቀዝቀዣው ከቆመ በዚያ ሙቀትና እርጥበት የውስጡ ዕቃ ሁሉ ይሻግታል። ስለዚህ ነዳጅ መግዛት፣ መርከበኞችም ማቆየት ግድ ነበር፤ ዐውሎ ነፋስ ቢመጣና ገመዷን ብትበጥስ ደግሞ ወደቡን እንዳለ ታበላሻለች ተብሎ ተፈራ። መንግሥት በ2023 የወደብ ሕጉን አሻሽሎ፣ የተተወ መርከብ መሸጥ የሚችልበትን ሥልጣን አገኘ። በዚያው ዓመት በሰኔ በተደረገው ሐራጅ አንድ አሜሪካዊ ባለሀብት 67.6 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ነገር ግን ባለቤት ነኝ የሚል ወገን በፍርድ ቤት ስለ ተከራከረ ከጥቂት ወራት በኋላ ግዢውን ተወው። መርከቧ የተሸጠችው በ2024 በሐምሌ ወር ለሌላ ገዢ በ40 ሚሊዮን ዶላር ነው። በመካከሉ ያለፈው አንድ ዓመት ከዋጋዋ 27.6 ሚሊዮን ቀነሰ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የነዳጁና የመርከበኞቹ ወጪ ሳይቋረጥ፣ ስፍራዋም ለሌላ ደንበኛ ሳይከራይ ቈየ። ክርክሩም በሽያጩ አላበቃም።